የቀንድ እጀታ

«ሴት ነካቻት፣ ሞተች። ከዚህ ወዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ዘምዘም ይህን የሰማችው ከጓዳ ነው። ተናጋሪው ጁነዲን ነበር፤ የባሏ የዑመር ታላቅ ወንድም። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ የጭቃ ነው፤ በሲሚንቶ ቢለሰንም ቃል አያግድም። ጁነዲን በዚህ ቤት ስላደገ ይህን ያውቃል። ጮክ ብሎ የተናገረውም ለዚያ ነው። ዘምዘም የያዘችውን ሰሃን ሳታስቀምጥ የባሏን መልስ ጠበቀች።  በደጅ አንድ ባጃጅ መጥቶ ራቀ። ከዚያ ዑመር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከአሱር ሰላት በፊት ካልተነሳች ውሰዳት» አለ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በዚህ ቤተሰብ ቃል ከወጣ አይመለስም። ጁነዲን ለመኪናዋ ገዢ ካዘጋጀ ሰንብቷል፤ ሰውየው ዛሬ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። ዘምዘም ሰሃኑን ወደ ቦታው መለሰች። የከፋት የጁነዲን ነገር አልነበረም፤ እሱ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ዕለትም እንኳን ደስ አለሽ አላላትም። የከፋት ዑመር «እሷ አይደለችም» የምትለዋን አንዲት ቃል መንፈጉ ነው።

ዑመር ዓይኑ ሳይጠፋ በፊት ከሆሳዕና ዱራሜ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ደከመ፤ አንድ ቀን ማንም ሳይነግረው ራሱ መንገድ ዳር አቁሞ ወረደ። ሚኒባሱን ሸጦ ይህችን ነጭ የቤት መኪና ሲገዛ ሰፈሩ አበደ አለው። እሱ ግን ሚስቱን መሪው ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ ከጎኗ ሆኖ ያስተምራት ጀመር። ማሰልጠኛ ገብታ የተማረችው አለ፤ መንዳት የለመደችው ግን በዑመር ጆሮ ነው። «ሞተሩ እያቃሰተ ነው፤ ማርሽ ቀንሺ» ይላታል። «ግራ ጎማሽ ጠጠር ላይ ወጣ፤ ወደ መሐል ግቢ» ይላታል። መንገድ ዳር የቆሙ ሥራ ፈቶች «ዕውር ሾፌር ያስተምራል!» ብለው ሲስቁ፣ ዑመር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እናንተንስ ማን ያስተምራችሁ!» ይላቸው ነበር። መንጃ ፈቃዱን ያገኘች ዕለት መዳፉ ላይ አኖረችለት። ዳር ዳሩን በጣቱ ዳሰሰ፤ ፎቶዋ የት ጋ እንደሆነ ጠየቃትና አውራ ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ዘምዘም ከአንጋጫ ገበያ ነጭ ሽንኩርትና ድንች እያመጣች ለሆሳዕና ባለሱቆች ታስረክባለች። ቤቱ የሚኖረው በዚያ ነው።

በዑመር አባት ቤት አንድ ልማድ ነበር። ወንድ ልጅ ራሱን ሲችል ካራ ይሰጠዋል፤ እጀታውም ከቤቱ በሬ ቀንድ ይሠራለታል። ጁነዲንም አለው፣ ዑመርም አለው። ለሴት ተሠርቶ አያውቅም። ከአባታቸው የመጨረሻ በሬ የቀረው አንድ ቀንድ ሳሎኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ከትናንት በስቲያ ዘምዘም ከገበያ በደህና ገብታ መኪናዋን ስታቆም ዑመር ቁልፉን ተቀበላት፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ቁልፉን መልሶ ሰጣት። ተሰንጥቆ በክር ታስሮ የነበረው ጥቁር የፕላስቲክ መያዣ የለም። በቦታው መልኩ ማር የመሰለ፣ ጫፉ ጠቆር ያለ የቀንድ እጀታ ገብቷል፤ በእጇ ልክ። «ያንቺ ካራ ይኸው ነው» አላት። «አንጋጫ ያሉት ወልደኪዳን ናቸው የሠሩት።» ዘምዘም ያን እጀታ ጨብጣ አደረች ማለት ይቻላል። ዛሬ ማለዳ ጁነዲን መጣ፤ ባዶውን ሚስማር አየ፤ ቁልፉንም አየ። ወዲያው መኪናዋ አልነሳ አለች።

የሰፈሩ መካኒክ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪውን ለካ፤ ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገና መለሰ። ዘምዘም ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ ይይዛል፣ እፎይ ሳይሉ ይጠፋል። ደግማ ታዞራለች፤ ይይዛል፣ ይጠፋል። «የነዳጅ ፓምፕ ነው፤ እዚህ ደግሞ አይገኝም» አለ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ዘምዘም ግን የምታየው ሌላ ነበር። ከመሪው ኋላ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የቁልፍ ሥዕል አለባት። ድሮ ቁልፉ ሲገባ ትጠፋ ነበር። ዛሬ ቁልፉ ገብቶም አልጠፋችም።

«ይቺስ?» አለችው።

«እሷ የጌጥ ናት፤ አታስቢላት።»

ጁነዲን በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ተዋት፤ መብራት ትቁጠር» አለ።

ዘምዘም ቁልፉን አወጣች፣ አስገባች፣ አወጣች። መብራቷ ያው ናት። የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት የሚከሰው ቁልፉን ነው ብላ አሰበች። ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። «ወዴት ነሽ?» አላት ዑመር፣ ከተቀመጠበት አግዳሚ ፊቱን ወደ ኮቴዋ አዙሮ። «እመጣለሁ» አለችው። 

ቁልፍ ቀራጩ ሊሻን ከመናኸሪያው አጥር ሥር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሱቋ ለአንድ ሰው ትጠባለች፤ ግድግዳዋ ሁሉ ያልተቀረጸ ቁልፍ ነው፤ ንፋስ ሲገባ ይንሿሿል። ሊሻን ቁልፉን ተቀብሎ በመጀመሪያ ያየው እጀታውን ነው።

«ይህን ማን ሠራው? እጁ ይባረክ! እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ሰርጌ ላይ አልያዝኩም።» ገለበጠው፣ አሸተተው። «ጭንቅላቱስ?»

«የምን ጭንቅላት?»

«የድሮው ፕላስቲክ።»

«ተቆረጠ።»

ሊሻን ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «እህቴ፣ ጥርሱ እኮ በር ነው የሚከፍተው። ከሞተሩ ጋር የምትነጋገረው ፕላስቲኩ ሆድ ውስጥ የተቀበረች ነገር ናት፤ ከባቄላ ፍሬ ታንሳለች። ቁልፍ ሲገባ መኪናዋ ‹ማነህ?› ትላለች። እሷ ‹እኔ ነኝ› ካላለቻት ሞተሩን ታጠፋለች። ለሌባ የተሠራ ነው።»

«እኔ ነኝ ሌባዋ?»

«ለመኪናዋ ነሽ። አትቀየሚያት፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። እኔንም በዚሁ ጉዳይ ሌባ ብለውኛል። አሳምሬ የቀረጽኩት ቁልፍ መኪና አላስነሳም ብሎ አንዱ ደንበኛዬ ስሜን ዱራሜ ድረስ አጥፍቶታል።»

ሌላ ማስገባት አይቻልም ወይ አለችው። አዲስ አበባ በኮምፒውተር ያለማምዷታል፤ መኪናዋ ግን ተጎትታ መሄድ አለባት አላት። አሮጌዋ ከተገኘች ግን ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ ከቁልፉ አንገት ጋር አስጠግቶ ማሰር ነው። ከጥቅሉ ፕላስተር ቀዶ ሰጣትና ለመክፈል እጇን ስትሰድ፣ «ስትነሳ ክላክስ አድርገሽልኝ እለፊ» ብሎ መለሳት።

ዘምዘም ከሱቋ ወጥታ ቆመች። ቤት ተመልሳ ዑመርን ፕላስቲኩ የት እንደገባ መጠየቅ ትችላለች። ግን ጁነዲን አጠገቡ ተቀምጧል። ይህን ከሰማ የዕድሜ ልክ ወሬ አገኘ ማለት ነው፤ ዓይን የሌለው ሰው የአባቱን ቀንድ አስቆርጦ መኪናውን በገዛ እጁ ገደለ ይላል። እውነትም ነው። በዑመር ዘመን ቁልፍ ብረት ነበር፤ ብረቱ ካለ ሁሉ አለ። ያን ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ ኖሮ ዛሬ የቀረው ክብር አንድ ብቻ ነው፦ ዑመር መኪና ያውቃል መባሉ። ያንን በራሷ እጅ አትወስድበትም። ወያላው «አንጋጫ! አንጋጫ!» ወደሚልበት ሚኒባስ ሄዳ ገባች።

ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶ አወቃት። «የሾፌር ዑመር ሚስት አይደለሽም እንዴ? ትናንት እኮ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ከፊት አስቀመጥኩት፤ እያንዳንዱን ኩርባ ሳንደርስበት ይነግረኝ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ገረመው።» ከአጠገቡ የተቀመጠች አሮጊት ዞር ብላ፣ «ሚስቴ መንጃ ፈቃድ አወጣች እያለ ሲያወራ የነበረው ያ ሰውዬ?» አለች። «እሱው!» አለ ሾፌሩ። «አንዱ ወራጅ ዛሬ ያወጣች መስሎት እንኳን ደስ ያለህ ሲለው ከመቀመጫው ተነስቶ ጨበጠው። ዛሬ ምነው በእኛ መጣሽ? የእናንተስ መኪና?» ዘምዘም «ዕረፍት ላይ ናት» አለች። ሰዉ ሳቀ። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጠዋት አንዲት ቃል የነፈጋት ሰው ትናንት ለማያውቀው ሁሉ ስለሷ ሲያወራ ውሏል። የትኛውን እንደምታምን አላወቀችም።

የአቶ ወልደኪዳን ቤት ከገበያው ወጣ ብሎ ነው። ቀንድና ሸክላ የሚሠሩ ባለእጆች ከሰው ራቅ ብለው የሚኖሩት ወደው አይደለም። ሰው ሥራቸውን ይገዛል፤ ቤታቸው ግን አይቀመጥም፣ ከእጃቸውም አይቀምስም። የተቃጠለ ቀንድ ሽታ እንግዳን ከሩቅ ይቀበላል፤ ልብስ ላይ ከያዘም ቶሎ አይለቅም። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማንኪያ ይሞርዱ ነበር። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ሞረዱን አስቀመጡ።

«እጀታው ጠበበሽ?»

«አልጠበበኝም፤ እጅዎ ይባረክ። ከቁልፉ የተቆረጠውን ፕላስቲክ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «ጎደለ?»

«ኧረ አልጎደለም፣ አባባ። የት እንደገባ ነው የጠፋኝ።»

«እኔ ከሰው ዕቃ የቆረጥኩት ነገር ቤቴ አያድርም» አሉ። «ባለእጅ ሌባ ነው ይላሉ፤ ታውቂያለሽ። ስለዚህ አባቴም እኔም ፍቅፋቂው ሳይቀር ነው የምንመልሰው። የቀንዱን ብናኝ፣ የፕላስቲኩን ስባሪ፣ ሁሉንም በጨርቅ ቋጥሬ ለዑመር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ኮቱ ውስጥ ከተተው፤ በውስጥ ኪሱ። አልነገረሽም?»

ዘምዘም ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጣባት። ልትፈልገው የመጣችው ነገር ጠዋት ትታው በወጣችው አግዳሚ ላይ፣ በባሏ ደረት ላይ ነበር። አመስግና ልትነሳ ስትል የሽማግሌው ሚስት ቆጮና ጎመን ይዛ ከቤት ወጣች። በርጩማ ላይ አስቀመጠችው እንጂ «ብዪ» አላለቻትም። እምቢ መባል የለመደ ሰው አይለምንም። ዘምዘም ወደ ፀሐይዋ አየች፤ ዘንበል ብላለች። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ነው። አሁን ብትሄድ ቸኩላ ነው አይሏትም፤ እንደሌላው ሰው ናት ይሏታል። ተቀመጠች። ቢስሚላህ ብላ ቆረሰች። ሴትዮዋ ቆማ እስክትውጥ አየቻትና ውሃ ልታመጣ ገባች። «ዑመርም ትናንት እዚያው ነው ተቀምጦ የበላው» አሉ አቶ ወልደኪዳን። «ለሚስቴ ነውና አሳምሩት አለኝ። ቀንድ ስሠራ አረጀሁ፤ ለሴት እጀታ ሥራ ብሎ የመጣብኝ ግን እሱ ብቻ ነው።»

መንገድ ላይ ስትወጣ ሚኒባሱ ሄዷል። ሌላው ባዶውን ቆሟል። ወያላው ይጣራል፣ ሰው አይመጣም፤ የገቡት ስለ ነጭ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። አንዱ ከሥጋ በልጧል ይላል፤ አንዷ ሥጋስ ማን ቀምሶ ነው የምታነጻጽረው ትለዋለች። ዘምዘም ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ወሬ ትገባ ነበር። ዛሬ ቁልፉን ጨብጣ መንገዱን ብቻ ታያለች። የበላችው እንጀራ አልነበረም፣ የቸኮለችበት ሰዓት ነበር፤ ግን አልጸጸታትም።

ሆሳዕና ደርሳ ከባጃጅ ስትወርድ የአሱር አዛን ገና አልተሰማም። በሩ ፊት ለፊት አንድ ፒካፕ በኋላው ቆሟል፤ ጁነዲን የመጎተቻ ገመዱን መኪናዋ ላይ ሊያስር ጎንበስ ብሏል። ዑመር አግዳሚው ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ዘምዘም ጁነዲንን አልፋ ወደ ባሏ ሄደች።

«ኮትህን ስጠኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አቧራ ነክቶታል።»

«ዛሬ ከዚህ አልተነሳሁም። አቧራው ከየት መጣ?»

 ዑመር ፊቱን ወደሷ አቀናና ትንፋሽ ወሰደ። «ቀንድ ሸተትሽኝ» አለ። «የተቃጠለ ቀንድ። ወልደኪዳን ቤት ነበርሽ።»  እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ ውስጥ ገባ፤ ቋጠሮውን በጣቶቹ ዳበሰ፤ የሚያስበው ነገር በፊቱ ላይ ሲያልፍ ይታያል። የሠራውን አወቀ። ቋጠሮውን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠው፤ እጁ ግን ወዲያው አልለቀቃትም።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። በጨርቁ ውስጥ የቀንድ ብናኝና ጥቁር የፕላስቲክ ስባሪ አለ። አንዱን ስባሪ ስትገለብጥ በሆዱ የተቀበረችውን ትንሽ ነገር አየች። ከቁልፉ አንገት ጋር አስጠግታ በፕላስተር ጠመጠመቻት። ቁልፉን አስገባች። ቀይዋ መብራት ጠፋች። አዞረች፤ ሞተሩ ያዘ። ጠበቀች። ሞተሩ አልጠፋም። እግሯን ነዳጁ ላይ ጫን አደረገች፤ ሙሉ ድምፅ ሰጠ። የፒካፑ ሾፌር ምንም ሳይባል ገመዱን ጠቅልሎ ወሰደ።

ጁነዲን ወደ መስኮቱ ቀረበ። «ምን ነበር?»

«ቁልፉ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ይኸው! አላልኩም? ከመጀመሪያውም…»

«ውሸቷን ነው» አለ ዑመር።

ከአግዳሚው ተነስቶ ቆሟል። የሞተሩን ድምፅ ተከትሎ መጣና መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መኪናዋን የሚያስነሳው ፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ አላወቅኩም፤ አስቆረጥኩት፤ የአባታችንን ቀንድ ሰካሁበት። እሷ ልትደብቅልኝ አንጋጫ ድረስ ሄዳ መጣች። ዓይኔ እንጂ አፌ አልጠፋም፤ የኔን ጥፋት ሌላ ሰው አይሸከምም።»

ጁነዲን ወደ ወንድሙ ዞረ። «ታዲያ ጠዋት በምን ልብህ ቃል ሰጠኸኝ?»

«እሷ አይደለችም ብልህ ታምነኝ ነበር?» አለ ዑመር። «አታምነኝም። ወንድሜ ለሚስቱ ያዳላል ትላለህ። እንደምታስነሳት ስለማውቅ ነው ቃሌን ያስያዝኩት። አሁን በጆሮህ እየሰማህ ነው።»

ዘምዘም መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ጠዋት በግድግዳው ማዶ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር፤ ስትጠብቀው ከነበረውም ይበልጣል። ቀና ብላ ባሏን ልታይ ፈለገች፤ ግን ዕንባዋ እንዳይፈስ ፈራችና መስታወቷን ማስተካከል ጀመረች። በዚህ መሐል የጁነዲን ስልክ ጠራ። አውጥቶ አየውና አላነሳም።

«ገዢህ ነው?» አለ ዑመር።

«እሱ ነው።»

«በስልክ አይሆንም። ሰው ቀጥረህ ሻይ ቤት ጎልተኸዋል፤ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው። እናደርስሃለን።»

ጁነዲን በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ዑመር የኋላውን በር በዳበሳ አግኝቶ ከፈተለትና ያዘለት። ታላቅ ወንድም ዓይን የሌለው ታናሹ በር ይዞለት እምቢ ሊል አይችልም። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ዑመር ዞሮ ከፊት ገባ። ዘምዘም ከግቢው ወጣች፣ ጠጠሩን ጨርሳ አስፋልት ያዘች።  ዑመር ዛሬ ማርሽ ቀንሺ አላላትም፣ ወደ መሐል ግቢም አላላትም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጠ።

ከመናኸሪያው ሲደርሱ መንገዱ በባጃጅና በተሸካሚ ተጨናንቆ ነበር። ዘምዘም ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ፍሬቻ አበራች። አንድ የድሮ ወያላ ጭነት እንደተሸከመ ቆሞ፣ «ዑመር! ሾፌሩ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ዞሩ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ብርጭቆአቸውን ይዘው ቀና አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ገዢው ነበር። ጁነዲን በኋላ ወንበር ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በእጁ ግንባሩን ሸፍኖ ነበር።

«ሰው እያየን ነው?» አለ ዑመር።

ዘምዘም ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ከኋላ ያለው ቀደማት።

«እያየን ነው» አለ ጁነዲን። እጁን ከግንባሩ አወረደ፤ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተው።